የአባታችን ሁለተኛ የሕይወት ታሪክ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ቢያንስ ሃያ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ይሰማል። አስከሬኑ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ እንዳረፈ አንድ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። ማይክራፎኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሟች ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው በዚህ ክፍለ ሀገር፣ በዚህ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ። በዚህ መሥሪያ ቤት በቅንነትና በታታሪነት አገለገሉ። ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፣ ይህን ያህል የልጅ ልጆች አዩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በዚህን ያህል ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ራቅ ብለው የቆሙት ሰዓታቸውን ያያሉ። የሚያለቅስ ካለ የሚያለቅሰው የልጆቹ ስም ሲጠራ ነው። ከስሞቹና ከቀኖቹ በቀር ወረቀቱ ለማንም ሊሆን ይችላል።

ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ወረቀቱ በምን ሁኔታ እንደሚጻፍ አይቻለሁ። አባቴ ያረፈው በ2016 ዓ.ም፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀብሩ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በመሀሉ ያለው ጊዜ፣ ያለፈበት ሰው እንደሚያውቀው፣ ገና የሐዘን ጊዜ አይደለም፤ የሥራ ጊዜ ነው። ለእድሩ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ከሐኪም ቤት ወረቀት ይወጣል፣ የቀብር ቦታ ይጠየቃል፣ ክፍለ ሀገር ላሉ ዘመዶች ይደወላል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሰው ድንገት ያስታውሳል። «የሕይወት ታሪኩስ?»

በእኛ ቤት ያስታወሰው አጎቴ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ቢሮሽ የምትሠሪው ይኼንኑ አይደል?» አለኝ። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ የድርጅት ፕሮፋይልና ብሮሹር እጽፋለሁ። እናቴ፣ አክስቴና አጎቴ ዓመተ ምሕረቱን እየተከራከሩ ነገሩኝ፣ እኔ ላፕቶፔ ላይ ጻፍኩ። በ1946 ዓ.ም በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ መንዝና ግሼ አውራጃ ተወለደ። ከ1968 እስከ 2006 ዓ.ም በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በንብረት ክፍል ሠራ። ጡረታ ወጣ። አራት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች። አንድ ገጽ፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ አራት ደቂቃ። አንድም ሐሰት የለበትም። ደግሞም ከማንኛውም የድርጅት ፕሮፋይል ብዙ አይለይም፤ መቼ ተመሠረተ፣ የት ይገኛል፣ ስንት ቅርንጫፍ አለው። ፕሮፋይል የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ ማን እንደሚጎድልበት አይናገርም።

የሦስት ቀን መዝገብ ቤት

ያንን የተናገረው ድንኳኑ ነው። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴት መጡ። ከእኛ ማንም አያውቃቸውም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ እናቴ አጠገብ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። በኋላ ውሃ ሲቀርብላቸው ማን እንደሆኑ ተናገሩ። በ1987 ዓ.ም የገንዘብ ያዥ ሥራ አግኝተው ዋስ አጥተው ነበር። የቅጥር ደብዳቤው በእጃቸው ነው፣ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ አምስት ቀን ነው፣ ደመወዝተኛ ዘመድ የላቸውም። ጎረቤታቸው የፋብሪካው ሠራተኛ ስለነበረች ወደ አባቴ ላከቻቸው። «ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ» አሉ። «“ሂሳብ ትወጃለሽ?” አሉኝ። “እወዳለሁ” አልኩ። ፈረሙልኝ።»

ለውጭ አገር አንባቢ ይህ ማብራሪያ ይፈልግ ይሆናል፤ ለእኛ አይፈልግም። ገንዘብ ወይም ንብረት በሚያስይዝ ሥራ ሊቀጠር የሄደ ሰው ሁሉ የዋስን ነገር ያውቀዋል። ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፋል፣ ቢጎድል እኔ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። በሕጋችን የገንዘቡ ጣሪያ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይሰፍራል። ያ ቁጥር አንድ ሰው ሌላውን ሰው ምን ያህል እንዳመነው የሚያሳይ፣ በብር የተጻፈ ልክ ነው። ለወንድም መፈረም ያስፈራል። ለማያውቁት ሰው መፈረም ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

እናቴ ሴትየዋን ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ላይ መገረም አልነበረም። «ታዲያ አንቺ ነሽ?» አለቻቸው ብቻ።

በዚያው ሌሊት ካርታ ከሚጫወቱት ሽማግሌዎች አንዱ አባቴ ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን በእግሩ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ አዲስ አበባ እንዴት እንደገባ አወራ። የፋብሪካ ባልደረባው ደግሞ አባቴ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ አልፈርምም በማለቱ ሁለት ዓመት ከንብረት ክፍል ተነሥቶ በር ላይ እንደተመደበ ነገረን። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ታላቅ ወንድሜ ግን «በሩ ላይ ቆሞ ያየሁት ለዚያ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው የመጣው በስልክ ነው፣ እሱ ያለው ሜሪላንድ ነው።

የአሥራ አምስት ዓመት የእህቴ ልጅ በዚህ መሀል ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መቅዳት ይቻል እንደሆነ አስፈቀደ። ካርታ የያዙት ሽማግሌ «ቅዳ፣ ቅዳ! እኔ ስሞትም ታሰማበታለህ» አሉት፤ ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ሆነ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሳቅ እንዳለ የማያውቅ ካለ ሌሊት አምሽቶ አያውቅም ማለት ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሃያ ሦስት ቅጂ ተሰበሰበ። አጭሩ አርባ ሰከንድ፣ ረጅሙ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ።

ከዚያ ወዲህ የማምንበት ነገር ይህ ነው። አንድን ሰው በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ቦታ የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቀመጡት ሦስት ቀን ብቻ ነው። የልጅነት ጓደኛው፣ አለቃው፣ የበታቹ፣ ያከራየው፣ የተጣላው። የሠርጉ ዕለት እንኳ እንዲህ አልተሰበሰቡም። በሣልስቱ እድሩ ድንኳኑን ይነቅላል፣ ወንበሩን ይቆጥራል፣ ያ ሁሉ ትዝታ በየታክሲው ተሳፍሮ ይበተናል። ለአርባው የሚመጣው ግማሹ ነው፣ ለሙት ዓመቱ ሩቡ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዕለቱ ይቀብራሉ፣ ፕሮቴስታንት ዘመዶቻችን ተዝካር አያወጡም፤ የሐዘንተኛው ቤት ግን በሁሉም ዘንድ በእነዚያ ቀናት ይሞላል። የቤተሰቡ ሥራ ሰውን ማብላትና ማጠጣት ሆኖ ይቀራል። ቪዲዮ የሚያነሳ ባለሙያ ይቀጠራል፤ የሚያነሳው የአበባ ጉንጉኑንና የሚያለቅሰውን ሰው ነው። የሚናገረውን የሚያዳምጥ አንድ ሰው ቢመደብ ምንም ወጪ የለውም። በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የተሻለ የለም። አዋቂዎቹ ያከብሩኛል ብሎ አይጨነቅም፣ ያልገባውን «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሕጉ የሚያካፍለውና የማያካፍለው

ከአርባው በኋላ ደግሞ የወረቀቱ ጉዞ ተጀመረ። ስለ ውርስ ማውራት ብዙ ቤት ውስጥ እንደ ነውር ይታያል፤ ሟቹ በሕይወት እያለ እንደ ምኞት፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ እንደ ጥድፊያ። ነገር ግን ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል፣ ያለዚያ ባንክ ውስጥ ያለች ገንዘብም አትንቀሳቀስም። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ሚስት ከጋራ ሀብቱ ግማሹን የምትወስደው በውርስ አይደለም፤ ድሮውንም የራሷ ስለሆነ ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ነው፤ ኑዛዜ ከሌለ እሱን ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ፣ በትዳር የተወለደ ከትዳር ውጭ የተወለደ ተብሎ ልዩነት የለም።

ኑዛዜ መተው ለሚፈልግ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት መንገድ ያውቃል። አንደኛው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ የሚጽፈው ነው፤ ቀንና ፊርማ ያስፈልገዋል፣ ኑዛዜ መሆኑም በግልጽ መጻፍ አለበት። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ሞት እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው፤ ስለ ቀብሩ ማዘዝ፣ ለትንንሽ ልጆቹ አሳዳሪ መሰየምና ለየሰዉ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ መተው ይችላል። ሦስት ወር ከኖረ ቃሉ ይፈርሳል። 500 ብር ዛሬ ፈገግ ያሰኛል፤ ሕጉ ሲወጣ ግን ትንሽ ገንዘብ አልነበረም።

አባታችን ከሦስቱም አንዱን አልተወም። በመጨረሻው ሳምንት የተናገራቸው ነገሮች ግን አሉ። የበሩን ጽድ እንዳንቆርጠው። ለመንገድ ዳሩ ባለሱቅ 340 ብር እንዳለበት። ዝናብ ሳይገባ የኩሽናው ቆርቆሮ እንዲታይ። የትኛውም ችሎት አይቀበለውም፤ እኛ ግን ለይዞታ ካርታው ያልሰጠነውን ጥንቃቄ ለጽዱ ሰጥተነዋል።

ለፍርድ ቤቱ ሰነድ ስንፈልግ ነው ሰማያዊው ፋይል የተገኘው። ከላይ የግብር ደረሰኞች፣ ከዚያ የጡረታ መታወቂያ፣ ከሥር አሥራ አንድ የዋስትና ደብዳቤዎች። የመጀመሪያው በ1978 ዓ.ም የተጻፈ ነው፤ ደመወዙ 285 ብር በነበረበት ጊዜ ለ3,000 ብር ፈርሟል። የአሥር ወር ከግማሽ ደመወዙ ማለት ነው፤ ያኔ ታላቅ ወንድሜ አራት ዓመቱ ነበር። እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ዋስትናው መውረዱን የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይቀጥላል። የንብረት ክፍል ሰው አይደል፤ ሰዎችንም ገቢና ወጪ አድርጎ ነው የያዛቸው።

የመጨረሻው፣ የ2004 ዓ.ም ደብዳቤ ላይ ግን ማውረጃው የለም። ባንክ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይኼ እኛ ላይ ይመጣል እንዴ?» አለ። የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ውርስ ሲጣራ ሀብት ብቻ ሳይሆን ዕዳም አብሮ ይጣራል። ጠረጴዛው ላይ ዝም አልን። ከእህቴ ጋር ሰውየውን እንዴት እንደምናገኘው እያወራን ነበር፤ ሳንፈልገው በሳምንቱ ራሱ መጣ። አንድ መጋዘን ውስጥ ንብረት ያዥ ነው። ዘንቢል ብርቱካን ይዟል። ከኪሱ ፖስታ አውጥቶ ለእናቴ በሁለት እጁ ሰጣት። ሌላ ዋስ አቅርቦ የአባቴን ስም አስወርዶታል፤ ማስረጃውን ነው ያመጣው። «ጋሼ ስማቸው እዳ ላይ ተጽፎ እንዲቀር አልፈለግኩም» አለ። ቡና ጠጥቶ ሄደ። ፋይሉ አሁን ሙሉ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ጥር ለአንዲት የጎረቤት ልጅ ዋስ ሆነ። እራት ላይ በጨዋታ መሀል ነው የነገረን፤ ማንም ምንም አላለም፣ እናቴ ብቻ ወጥ ጨመረችለት።

ባሕር ማዶ የደረሰው ድምፅ

ታላቅ ወንድሜ ለቀብሩ መድረስ አልቻለም። መርዶውን የነገሩት ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የአባቴ ያገር ልጆች ናቸው፤ ለሥራ ሳይወጣ ማልደው በሩን አንኳኩ። ስድስት ሰው ሆነው ደጁ ላይ ሲያያቸው ሳይነግሩት ገባው። ለቅሶውን የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፤ አባቴን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ከሥራ መልስ እንጀራና ወጥ እየያዙ መጡለት። እዚያ ያለው ኑሮ ሰውን ይለያያል ይባላል፤ ለቅሶ ላይ ግን እንደ አገር ቤቱ ነው።

በቴሌግራም የተላከለትን የሕይወት ታሪክ አነበበው፤ ጥሩ ነው አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለሱ አላነሳም። የድምፅ ቅጂዎቹ ሲደርሱት ነው ሌላ ሰው የሆነው። ወደ ሥራ ሲነዳ ያዳምጣል፤ ደውሎ «አሥራ አራተኛው ላይ የሚስቁት ሰውዬ ማን ናቸው?» ይለናል። ልጆቹ አማርኛ የሚሰሙት በከፊል ነው። ስለ አያታቸው ሲጠይቁት የበሩን ታሪክ ነገራቸው፤ አልፈርምም ያለው ሰው፣ ለሁለት ዓመት በር ላይ የቆመው። ትንሿ ልጅ ወዲያው ሥዕል ሣለች፤ በር፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ። ያ ሥዕል አሁን ማቀዝቀዣቸው ላይ ተለጥፏል።

ለሙት ዓመቱ ሁለተኛ የሕይወት ታሪክ እንዲጻፍ ያሳሰበን እሱ ነው። በፎቶ የታተመ ካናቴራ የማሠራት ሐሳብም ነበር፤ በዚያ ገንዘብ አሥራ ሁለት ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ 150 ቅጂ አሳተምን። ለዚህች መጽሐፍ እንደ መጀመሪያው ወረቀት ቀን አልቆጠርንም። ቅጂዎቹን እያዳመጥን፣ አባቴን ያወቁ ሰዎች የተናገሩትን በራሳቸው አነጋገር አሰፈርን፤ ደብረ ብርሃንን፣ በሩን፣ አሥራ አንዱን ደብዳቤ።

ያከራከረን አንድ ነገር ነበር። አባቴ ከአንድ ጎረቤታችን ጋር በአጥር ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ተኳርፏል። የመሬቱ ስፋት አርባ ሳንቲ ሜትር ነው። ሽማግሌ ተልኮ አልሆነም፤ እድር ላይ እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም ነበር። ታዲያ በለቅሶው ከማንም በላይ ጮኾ ያለቀሰው ያ ጎረቤት ነው። በሦስቱም ቀን ከድንኳኑ አልወጣም፣ ወንበር ያመላለሰውም እሱ ነው። ይህ ይጻፍ ወይስ ይቅር? አክስቴ «የሞተ ሰው ነውር አይነሳም» አለች። እህቴ ጎረቤቱ ያፍራል ብላ ፈራች። ጉዳዩን የዘጋችው እናቴ ናት። «ጻፉት። አባታችሁ መልአክ አልነበረም፤ መልአክ ቢሆን እኔን አያገባም ነበር» አለች። ጎረቤቱን ሄደን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና «ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው» አለ። ያንን እርማት ገጽ ዘጠኝ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሁለቱም ቁጥሮች አሉ።

በአገራችን የሰውን ሕይወት ጽፎ ማቆየት አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከመቶ ዓመት በፊት የታወቁ ሰዎችን ታሪክ ሰብስበው በአንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ ዛሬ የምናነበው እሳቸው በእጃቸው ጽፈው ስለተዉትና ጽሑፉ ተጠብቆ ስለቆየ ነው፤ ያረፉት በ1969 ዓ.ም ነው፣ መጽሐፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። እነዚህ ባለ ማዕረግና ባለ ብዕር ሰዎች ናቸው። የፋብሪካ ንብረት ያዥ የሚጽፍለት የለውም፤ ከቤተሰቡ በቀር።

«ማን ዋስ ሆነው?»

መጽሐፏ ከታተመች በኋላ ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ወላጆቻቸውን እንዴት እንደሚያናግሩ ጠይቀውኛል። «አባዬ፣ ታሪክህን ንገረኝ» ሲሉ አባት «ምን ታሪክ አለኝ፣ ሠራሁ፣ አሳደግኳችሁ» ብሎ ዜናውን ያስጮኸዋል። ልክ ነው፤ እንዲህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የቀብሩን ወረቀት ነው የሚመልሰው። የሚሠራው ትንሽ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ደመወዝህን ምን አደረግህበት? አዲስ አበባ የገባህ ቀን የት አደርክ? ገንዘብ የተበደርከው ከማን ነው፣ መልሰሃል? እማዬ፣ ከመጋባታችሁ በፊት ሌላ ሰው ጠይቆሽ ነበር? የመጨረሻውን አባት በሌለበት መጠየቅ ይሻላል።

እኔ እናቴን የጠየቅኳት ጥያቄ ከሰማያዊው ፋይል የመጣ ነው። አባቴ በ1968 ዓ.ም ፋብሪካው ሲቀጥረው ንብረት የሚያስይዝ ሥራ ነበር፤ ታዲያ እሱን ማን ዋስ ሆነው?

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር አለች። አባቴ እሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ለሁለት ሳምንት አድሯል፤ ጠዋት ተነሥቶ በረንዳውን ጠርጎ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ጥረግ አላለውም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ስሙን ጠየቀው፣ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው፣ ሱቁን ዘግቶ አብሮት ሄዶ ፈረመ። አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ለውለታው ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ቢሄድ ሱቁን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ሰውየው የት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። እናቴ ይህን ታሪክ ለአርባ ዓመት ስታውቀው ኖራለች። በተጋቡ ሰሞን ነው የነገራት፤ «ያላነሳሁት የጠየቀኝ ስለሌለ ነው» አለች። ልብስ ሰፊው በሁለተኛው እትም ውስጥ ይገባል፤ ስሙን ግን እሷም አታስታውሰውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ የራሷን ጀምራለች። «የእኔን በሌሊት አትጽፉትም» ብላናለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ገና የልደቷ ቀን ላይ ነን። መታወቂያዋ 1949 ዓ.ም ይላል። እሷ ግን እናቷ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ እርጉዝ እንደነበሩ፣ ተኩሱን ሰምተው አልጋ ሥር እንደገቡ ሲያወሩ ነው ያደገችው። ግርግሩ በ1953 ዓ.ም ነው። ቁጭ ብለን አሰላነው፤ መታወቂያው አራት ዓመት ጨምሮባታል። ሲኒዋን አስቀምጣ ለጥቂት ጊዜ ጣሪያውን አየች።

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ያለ ዕድሜዬ ነው ያረጀሁት?» አለች። ከዚያ ወደ ደብተሩ አመለከተች። «ጻፊው። በእርሳስ ግን፤ እትዬ ከጎንደር ስትመጣ እንጠይቃታለን።»